የሚያፏጨው ፒክአፕ

ደብረ ብርሃን ላይ ቆሞ «መኪናዬ ነፋስ ነፋስ ይላል» ብሎ ስሞታ ማቅረብ፣ ጣና ዳር ሆኖ ውኃ በዛብኝ እንደማለት ነው። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የማያፏጭ ምን አለ? ቢሆንም ፒክአፔ ከ80 ስታልፍ ከራሴ በላይ «ኡኡኡ» ትላለችና ጋራዥ ወሰድኳት።

መካኒኩ ሳይነዳት «ኩሽኔታ ነው» አለ። ተቀየረ፤ ከፈልኩ። ኡኡታው ባለበት ቀጠለ። ሜዳ ላይ ማርሹን ለአፍታ ዜሮ ባደርገውም ያው ነው፤ ስለዚህ ሞተሩም አይደለም።

ጎረቤት ደግሞ «የበር ጎሚኒ ነው» አለኝ። የመቶ ብር ኖት በሩ መሃል አድርጌ ዘጋሁና ሳብኩት፤ ጎሚኒው ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ጤነኛ ነው ማለት ነው። ብሬን ይዞ አልለቅም በማለት ከመካኒኩ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ የፊት መስታወቱን ጠርዝ፣ ስፖኪዮውን፣ አንቴናውን ተራ በተራ በፕላስተር እየለጠፍኩ ነዳሁ። መኪናዋ ከጦር ሜዳ የተመለሰች ቁስለኛ መሰለች እንጂ ዝም አላለችም።

አንኮበር መንገድ ላይ ጋቢ የደረቡ አዛውንት አሳፈርኩ። ጥቂት እንደሄድን «ልጄ፣ እስቲ አቁመው» አሉ። ወርደው ፖርቶማጋላው ላይ ሸራ ያሰርኩበትን ጠፍጣፋ ቀበቶ ፈቱና አንድ ጊዜ ጠምዝዘው መልሰው አሰሩት። ለካ ተወጥሮ የታሰረ ጠፍጣፋ ቀበቶ ነፋስ ሲያገኘው እንደ ክራር ጅማት ይርገበገባል፤ ከተጠመዘዘ ዝም ይላል።

እስከ አንኮበር ጸጥ ብለን ገባን። ኩሽኔታውም አዲስ ነው።