ሰሊጥ ይለፍ፣ ሰው ይቀመጥ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ የሚያስቀና መንገደኛ ቢኖር ሰሊጥ ነው። ከዋልካው መሬት ታጭዶ ይወቃል፣ በጆንያ ይሰፋል፣ በከባድ መኪና ፖርት ሱዳን ወርዶ በመርከብ ቻይና ይገባል። የጉዞ ወረቀቱን የሚያስጨርስለት ነጋዴ አለው።

ሰውን ግን እንዲህ ማሞላቀቅ አይገባም። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ሸሽተው ተከዜን የተሻገሩ ሰዎች እዚያው ገዳሪፍ ውስጥ ኡም ራኩባ መጠለያ ሰፈሩ። ሮጠው በመምጣታቸው ስደተኛ ተባሉ፤ ያለ ፈቃድ ከመጠለያ ቢወጡ ደግሞ ሕግ ጣሱ ይባላሉ። ጥበቡ ግልጽ ነው፤ ሰው ሁለቴ ከተራመደ ይለምድበታል።

ጥሩ ትምህርት ድንበር አያግደውም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ፈነዳና ተራው ዞረ፤ ሱዳናውያን በገላባት አድርገው መተማ ገቡ። ከዓመት በኋላ ዝርፊያና ጥቃት የመረራቸው ስደተኞች በዚያው አካባቢ ካለው ኩመር መጠለያ ወጥተው በእግራቸው ወደ ጎንደር ሲያቀኑ ፖሊስ አስቆማቸው። አውላላ በሚባል ጫካ ዳር ከረሙ። ጫካው ቢያንስ አየሩ ንጹሕ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስደተኛው ጆንያ ውስጥ ይግባና አፉ ይሰፋ። ኬላው ይከፈትለታል፣ ሚዛኑ ላይ በክብር ይወጣል፤ ገዥውም አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀዋል፦ ነጩ ነው ወይስ ቀዩ?