አለቃዬን ለጋብቻ የጠየቅሁበት ስብሰባ

ሰው ሚስት ሲፈልግ ሽማግሌ ይልካል። እኔ ግን ባለትዳሯን አለቃዬን፣ ባልደረቦቼ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ በፓወር ፖይንት ታግዤ ለጋብቻ ጠይቄያለሁ። መጠየቄን ያወቅሁት ከሁሉም በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ አንድ የውጭ ዕርዳታ ድርጅት ከተቀጠርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። የዕለቱ አጀንዳ የገጠር ውኃ ነው። አለቃችን ፈረንጅ ናቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ማስታወሻ ይይዛሉ። ተራዬ ሲደርስ «ለእርስዎ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ» የሚለውን ጨዋ አማርኛ ይዤ ተነሣሁና ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ አሻገርኩት። «አይ ፕሮፖዝ ቱ ዩ» ብዬ፣ ለአክብሮት ያህል ትንፋሽ ወሰድኩ። ያጠፋችኝ ያቺ ትንፋሽ ናት። ከትንፋሿ ቀጥሎ የሚመጣው ስለ እጅ ፓምፕ ነበር። ሴትዮዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ፤ ግራ እጃቸውን ቀና አድርገው ቀለበታቸውን አሳዩኝና «አዝናለሁ፣ ተቀድመሃል» አሉኝ። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። እኔም ምን እንደሆነ ሳይገባኝ፣ ከሰው እንዳልለይ ብዬ አብሬ ሣቅሁ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በቢሮው ስሜ «ሙሽራው» ሆኖ ቀረ።

ማታ ቤቴ ገብቼ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ «ፕሮ» ወደ ፊት፣ «ፖኔሬ» ማስቀመጥ። እንግዲህ ፕሮፖዝ ማድረግ ማለት አንድን ነገር ሰው ፊት ማስቀመጥ ነው። የእኛም «ማቅረብ» ከዚህ አይርቅም፤ ሐሳብም ይቀርባል፣ ምሳም ይቀርባል፣ ተከሳሽም ይቀርባል። ልዩነቱ አማርኛ የሚቀርበውን ነገር በስሙ መጥራቱ ላይ ነው። እንግሊዝኛው ግን የሚቀርበውን ሳይጠራ የሚቀርብለትን ሰው ብቻ ከጠራ፣ ፊቱ የተቀመጠው ራሱ ጠያቂው ነው! እኔ ፓምፑን ሳልጠራ ተንፍሼ ራሴን አቀረብኩ።

ሰዋስዉም ቢሆን ወጥመድ ነው። «ቱ» መጥታ ግስ ከተከተላት ቃሉ ማቀድ ይሆናል፤ ሰው ከተከተላት ሠርግ ነው። በ«ቱ» ፈንታ ከ«ኢንግ» ጋር ከመጣ ደግሞ «ይህን ብናደርግስ» የሚል ሐሳብ ማቅረብ ነው። አንዲት «ቱ» ጉድጓድ ከመቆፈር ጎጆ ወደ መቀለስ ትወስድሃለች። «ዛት» ከመጣችማ ከኋላዋ ያለው ግስ «ኤስ»ን ያወልቃል፤ «ሂ ጎ» ማለት ትክክል ይሆናል። ልጅ ሆኜ በዚችው «ኤስ» ጉድለት ስንት ማርክ እንደተቀነሰብኝ ሳስብ ካሣ መጠየቅ ያምረኛል። በአንድ የስንብት ግብዣ ላይም ሰውየው ተነሥቶ «ቶስት ፕሮፖዝ ላድርግ» ሲል ዳቦ እስኪመጣ ጠብቄያለሁ። ለካ ብርጭቆ አንሥቶ ለሰው ጤና መመኘት ኖሯል!

የቃሉ ዘመድ «ፕሮፖዚሽን»ም አለች። ሎስ አንጀለስ ያለው ጓደኛዬ የድምፅ መስጫ ቀን ሲቃረብ «ፕሮፖዚሽን እያነበብኩ ነው» ይለኛል፤ በካሊፎርኒያ ለሕዝብ ድምፅ የሚቀርብ የሕግ ሐሳብ የሚጠራው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የጸደቀው ቁጥር 13 የንብረት ግብርን ከተገመተው ዋጋ 1 በመቶ ላይ ስለገደበው፣ ጓደኛዬ ቤት ከገዛ ወዲህ ቁጥሯን እንደ ባለውለታ ይጠራታል። ይህችኑ ቃል ግስ አድርገህ ሴት ላይ ከተጠቀምክባት ግን የብልግና ጥያቄ ጠየቅህ ማለት ነው። አንድ ቃል እዚያ ሕግ፣ እዚህ ነውር!

እኛ ዘንድ ደግሞ ፕሮፖዛል የማይገባበት ቤት የለም። ተማሪው ለመመረቂያ ጽሑፉ ፕሮፖዛል ያስገባል፤ አማካሪው በቀይ ብዕር አድምቶ ይመልስለታል። ድርጅቱ ፕሮፖዛል ጽፎ ፈንድ ይለምናል። ተጫራቹ ቴክኒካልና ፋይናንሻል ፕሮፖዛሉን በየፖስታው አሽጎ ያስገባል። ደብዳቤው ላይ «ምክረ ሐሳብ» ተብሎ ይጻፋል፤ ጸሐፊዋ ግን ፋይሉን ስትፈልግ «ያ ፕሮፖዛል የት ገባ?» ነው የምትለው። ጎረምሳው በበኩሉ ካፌ መሐል ይንበረከክና ቀለበት ያወጣል። «ፕሮፖዝ አደረጋት» ይባላል፤ ስልክ ሁሉ ተነሥቶ ይቀርጻል።

የእኔ የእውነተኛው ተራ ሲደርስ እንግሊዝኛውን ፈርቼ ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። ሄደው እንደ ወጉ ቆሙ። «ተቀመጡ እንጂ» ቢባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ጉዳዩ ተሰማ። የልጅቷ አባት ግምገማውን ጀመሩ። መጀመሪያ ቴክኒካሉ ተከፈተ፦ የማን ልጅ ነው? እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር። አንዱ ሽማግሌ አምስተኛው አያቴ ላይ ሲደርስ ስሙ ጠፍቶት አሳለ፤ ሁለተኛው ደረሰለት። ቀጥሎ ፋይናንሻሉ፦ ሥራው ምንድን ነው? «ውኃ ያወጣል» አሏቸው። አባትየው ጉድጓድ ቆፋሪ መስዬአቸው ፊታቸው ጠቆረ። በመጨረሻም «ቤተ ዘመድ እንማከርበት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» አሉ። ኮሜንት ተሰጠን ማለት ነው። በሁለተኛው ዙር አለፍኩ።

ያን ጊዜ ሁለቱ ሳምንት አንገብግበውኛል። አሁን ሳስበው ግን የላቲኑን ቃል ከእነዚያ ሽማግሌዎች የበለጠ የተረዳው የለም። ነገሩን ሰው ፊት አስቀመጡ፤ እጃቸውን ሰብስበው ወጡ። ባለቤቴ በሁለቱ ሳምንት ከእናቷ ጋር መክራለች፣ ስለ እኔ ጎረቤት አስጠይቃለች፣ እምቢ የማለት ጊዜም ነበራት። ካፌ ውስጥ በስልክ የተከበበችው ልጅ «ልማከርበት» ብትል ማን ይሰማታል?

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፦ ለጋብቻ ከሆነ ነገሩን አስቀምጣችሁ ፈቀቅ በሉ። በእንግሊዝኛ ሐሳብ ስታቀርቡ ግን አደራ፣ መጀመሪያ ፓምፑን ጥሩ፤ ከዚያ በኋላ ተንፍሱ።