የካርድ ሰብሳቢዎች ገድል

በአሜሪካ አገር፣ የቤዝቦልን ጨዋታ ከሚወደው ሕዝብ መካከል፣ ጨዋታውን ለሌላው ትቶ የተጫዋቾቹን ሥዕል የያዙትን ትናንሽ ካርዶች በማከማቸት ዕድሜውን የሚፈጽም አንድ ማኅበር አለ። ይህ ማኅበር ሥርዓት አለው፤ መጻሕፍት አሉት፤ ስለ አንዲት ካርድ ማዕዘን መታጠፍ እስከ ውግዘት የሚያደርስ ክርክርም አለው። እኔም ሲልቨር ስፕሪንግ በሚኖረው በእኅቴ ልጅ ምክንያት ወደ ደጀ ሰላማቸው ተጠግቼ አባቶቻቸው እነማን እንደ ሆኑ ብጠይቅ፣ የተነገረኝ ታሪክ የኳስ መሆኑ ቀርቶ የምናኔ ሆኖ አገኘሁት።

ከሁሉ አስቀድሞ ስሙ የሚነሣው ጀፈርሰን በርዲክ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1900 ተወልዶ፣ በኒውዮርክ ግዛት በሲራኪዩስ ከተማ ከአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ ተቀጥሮ ሲሠራ የኖረ፣ ሚስት ያላገባ፣ ገና በጎልማሳነቱ የመገጣጠሚያ ሕመም ጣቶቹን ያኮማተረበት ምስኪን ሲሆን፣ ከትንባሆ፣ ከከረሜላና ከማስቲካ ጋር በምርቃት ይሰጥ የነበረውን ካርድ ሁሉ እየለቀመ፣ በ1939 ማሳተም በጀመረው መዝገብ ለእያንዳንዱ ዓይነት ፊደልና ቁጥር ደለደለለት። አዳም ለአራዊት ስም እንዳወጣ በርዲክም ለካርዶች አወጣና፣ ዛሬ የእኅቴ ልጅ «ቲ 206» ብሎ በኩራት ሲናገር ያንን የፋብሪካ ሠራተኛ መታዘዙ ነው። የሚያስደንቀው ግን፣ ይህ የካርዶች አባት በሕይወት ዘመኑ አንድ ቀን እንኳ ሜዳ ገብቶ ቤዝቦል ስለ መመልከቱ ማስረጃ አልተገኘም መባሉ ነው።

በስተመጨረሻ ሀብቱን በሙሉ ለኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር አበረከተ። ቤተ መዘክሩም፣ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ በሥርዓት የሚያደራጀው ከሆነ እንደሚቀበል ስላስታወቀው፣ የእነ ሬምብራንትና የእነ ዱሬር ኅትመቶች በሚጠበቁበት ክፍል አንዲት ጠረጴዛ ተሰጠችው፤ በዚያችም ላይ ለዓመታት አጎንብሶ ከ300,000 የሚበልጡ ወረቀቶችን፣ ከእነርሱም ከ30,000 የሚበልጡ የቤዝቦል ካርዶችን፣ በእነዚያ በተኮማተሩ ጣቶቹ በየአልበሙ ሲለጥፍ ኖረ። የመጨረሻዋን የለጠፈው በጃንዩወሪ 10 ቀን 1963 ነው፤ በማግስቱ ሆስፒታል ገባ፤ ከሁለት ወር በኋላ ዐረፈ።

ለጠፈ ማለቴን አንባቢ ያስተውልልኝ፤ በሙጫ ነውና። የዛሬ ዘመን ሰብሳቢ እጁን ሳይታጠብ ካርድ አይነካም፤ ሲነካም ጠርዝና ጠርዙን ብቻ በሁለት ጣት ይዞ በለስላሳ ላስቲክ ይከተዋል፤ ላስቲኩን ደግሞ በደረቅ ፕላስቲክ ይከተዋል፤ ከዚያም ከ1 እስከ 10 ማርክ ለሚሰጡ ፈታኞች ገንዘብ ከፍሎ ይልከዋል። የእኅቴ ልጅ የበርዲክን ሙጫ ባነሣሁበት ጊዜ፣ የሃይማኖት አባቱ በመናፍቅነት የተከሰሰበት ዲያቆን መስሎ ዝም አለኝ።

ከተጫዋቾች ወገን የከበረው የፒትስበርጉ ሆኑስ ዋግነር ነው፤ እርሱም የከበረው እምቢ በማለቱ ነው። የትንባሆ ኩባንያ ከ1909 እስከ 1911 ባወጣቸው ካርዶች ውስጥ የእርሱ ሥዕል እንዲቀር ስላደረገ ጥቂት ብቻ ተረፉ። ሕፃናት ለካርዱ ብለው ትንባሆ እንዳይገዙ ነው የሚሉ አሉ፤ ገንዘቡ አንሶት ነው የሚሉም አሉ። ራሱ ትንባሆ አኛኪ ነበረና እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። የሆነ ሆኖ አንዲት የዋግነር ካርድ፣ ያውም ፈታኞቹ ከ10 ማርክ 2 ብቻ የሰጧት ወዳቂ፣ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። እኔ በትምህርት ቤት ሳለሁ በዚህ ማርክ ያተረፍሁት ቁንጥጫ ብቻ ነው።

ነገር ግን ለዚህ ማኅበር ከጠባቂውና ከእምቢተኛው ይልቅ የጠቀመው የጣለው ሰው ይመስለኛል። በብሩክሊን የቶፕስ ማስቲካ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ሳይ በርገር፣ በ1951 መጸው ከቤቱ የማእድ ቤት ጠረጴዛ ላይ በመቀስና በካርቶን የ1952ቱን ካርዶች መልክ አወጣ፤ ሆኖም የኋለኛው ክፍል ዘግይቶ ገበያ ስለ ወጣ ገዢ አጥቶ መጋዘን ሲያጣብብ ኖረ። በርገር ራሱ ይተርክ እንደ ነበረው፣ በ1960 ያንን ሁሉ በጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አስደፋው። ከሰጠሙት መካከል የተጫዋቹ የሚኪ ማንትል ሥዕል ይገኝበታል፤ ከውኃ ካመለጡት ማንትሎች አንዱ በ2022 12.6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ።

በርገር በባሕር ያደረገውን እናቶች በየብስ ፈጽመውታል፤ ልጆቻቸው ለትምህርት ወይም ለውትድርና ሲሄዱ የካርድ ሣጥኑን አውጥተው ጣሉ። ይህንኑ ታሪክ የእኅቴ ልጅ ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ ለእናቱ በመከላከያነት አቀረበ።

«ማሚ፣ የድሮ እናቶች እኮ ሚሊዮን ዶላር ነው የጣሉት!»

እኅቴ መጥረጊያዋን አቁማ በጽሞና ካደመጠችው በኋላ፣ «ባይጥሉት ኖሮ ይወደድ ነበር?» አለችው።

«አይወደድም ነበር» አለ ልጁ፤ መዋሸት አያውቅም።

«እንግዲያስ ለሰው ልጆች ስል እኔም የድርሻዬን ልጣላ!»

ሁለታችንም መልስ አጣን። የልጁ የካርድ ሣጥኖች በዚያው ምሽት በመኪናዬ ተጭነው ወደ እኔ ቤት ተሰደዱ፤ ልጁም ሙጫ ወዳሉበት ክፍል እንዳላስገባ አስምሎኛል።