በአምስት ሰዓት ያረጀው ጊታሪስት

ከተማችን መቻራ ላይ ባንድ ለማቋቋም ብዙ ነገር አያስፈልግም። ፍራሽ፣ ትራስ፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ፣ ለየሰው አንዳንድ እስር ጫት። ጊታር ካለ እሰየው፤ ከሌለም ባንዱ አይቀርም። የኛ ባንድ ግን ጊታር ነበረው፤ ግድግዳ ላይ።

ባለቤቱ አዲስ አበባ ከርሞ የተመለሰ የሰፈራችን ልጅ ነው። ፀጉሩ ተጎንጉኗል፤ ጂንሱ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ ለሮክ የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቷል። ጊታሩን ሳይቃኝ ራሱን ቃኝቷል። ከስድስቱ ክሮች አንዱ የለም፤ የቤቱ ሬዲዮ አንቴና ሆኗል።

ሰባት ሰዓት ላይ ልጁ ጀማሪ ነበር። ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ብርጭቆ ሻይ ሳያልቅ፣ የጂሚ ሄንድሪክስ የሥራ ባልደረባ ሆነ። ሄንድሪክስ እ.ኤ.አ. በ1967 ሞንተሬይ መድረክ ላይ ጊታሩን እንዴት እንዳቃጠለ ተንበርክኮ አሳየን። ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ1966 ለንደን ከመሄዱ በፊት እነ ሊትል ሪቻርድንና አይዝሊ ብራዘርስን ከኋላ ቆሞ ሲያጅብ መክረሙን ግን ዘለለው። አጃቢነት ለምርቃና አይመችም። ማቃጠሉ ቀላል ነው፤ ችግሩ ሄንድሪክስ ያቃጠለው መጫወት የሚችለውን ጊታር መሆኑ ነው።

ጥግ ይዘው የተቀመጡት ሐጂ ጣልቃ ገቡ። «አሊ ቢራስ?»

«እሱ እኮ ሮክ አይደለም፣ ሐጂ» አለ ልጁ በትሕትና።

የጎረቤት ሰው መቼም ሮክ ሆኖ አያውቅም። ድሬዳዋ ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር ጀምሮ፣ ክቡር ዘበኛ ገብቶ፣ ዑዱንም ጊታሩንም እየተጫወተ፣ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. እስኪያርፍ ወደ ስልሳ ዓመት የዘለቀ ሰው በአንድ አረፍተ ነገር ታለፈ። አንድም ቀን ጊታር አላቃጠለማ!

ዘጠኝ ሰዓት ለስም ዋለ። አንዱ «ኤርታሌ» አለ። ተቀድመናል፤ ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአሜሪካዊው ፕሮዲዩሰር ከቢል ላስዌል ጋር ለሠራው የመጀመሪያ አልበሙ እሳተ ገሞራውን ወስዶታል።

«ለመሆኑ ሮክ ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ ሐጂ።

«ዓለት።»

«አቦ፣ ዓለትማ ከሆነ ከኛ ወዲያ ላሳር!»

በዚሁ ባንዱ በዋሻችን ስም «አቸሬ» ተባለ።

አሥር ሰዓት ላይ ጉዞ ጀመርን። ጭሮና ድሬዳዋ ለኛ አይመጥኑም ተብለው ታለፉና በቀጥታ ሚኒሶታ ገባን። ማናጀር ተመረጠ። እኔ ገንዘብ ያዥ ሆንኩ። ሰው በገንዘብ ሲያምነኝ ደስ ይለኛል፤ በተለይ ገንዘቡ ከሌለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፀብ ተነሳ፤ ፖስተሩ ላይ ጎልቶ የሚወጣው የማን ፎቶ ነው? ዘፋኝ ሆኖ የተመረጠው «የኔ ነዋ!» ሲል ልጁ ቱግ አለ። «ሰላም ሥዩምን ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ?» ዝም አልን። የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታሪስት የነበረው እኮ ነው። ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት በአፋችን የምናንጎራጉረው የካሴት መግቢያ ስንቱ የሱ ጣት ሥራ እንደሆነ ማን ቆጥሮት ያውቃል? እኛ የምናውቀው ሽፋኑ ላይ ያለውን ፎቶ ነው። ልጁ ቀኑን ሙሉ ከተናገረው እውነት የነበረው ይህ ብቻ ነው፤ ያንኑም የተናገረው ፎቶው እንዲወጣለት ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባንዱ ፈረሰ። ልጁ ከእንግዲህ ለብቻው እንደሚሠራ አስታወቀ፤ ከዚያ ደግሞ ዝና እንደሰለቸው ተናገረ። በአምስት ሰዓት ውስጥ ጀመረ፣ ገነነ፣ ተካሰሰ፣ ጡረታ ወጣ። ጊታሩ ከግድግዳው አልወረደም። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሐጂ ጫማቸውን እየፈለጉ ዞር አሉና፣

«ቆይ፣ ዘፈኑ የትኛው ነበር?» አሉ።

ገራባው መሐል ዘፈን ፈልገን አጣን።

ስሙን የተዋስነው አቸሬ ዋሻ ውስጥ ግን ውሃ ይንጠባጠባል። ከጣሪያው ወለሉ ላይ እያረፈ፣ የተሸከመውን ኖራ እየተወ፣ ድንጋይ ሽቅብ ያሳድጋል። ዓመቱን ሙሉ ተንጠባጥቦ የሚጨምረው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከውጭ አገር የመጡ ተመራማሪዎች ከመቻራ ዋሻዎች እነዚህን ድንጋዮች ወስደው የጥንቱን ዝናብ ንብርብር በንብርብር አንብበውባቸዋል። እንግዲህ የመቻራ ሮክ እሱ ነው፤ ፖስተር የለው፣ ማናጀር የለው፣ ጨለማ ውስጥ ልምምድ ብቻ።

ይህን በማግስቱ ለልጁ ነገርኩት። ጫት ስላልነበረ በጽሞና አዳመጠኝ። «እውነትህን ነው፤ ክሩን ብቻ ግዛልኝና ከዛሬ ጀምሮ እለማመዳለሁ» አለ። እኔም የባንዱ ገንዘብ ያዥ እንደመሆኔ፣ አዲስ አበባ ስሄድ እንደምገዛለት ቃል ገባሁ።

ይኸው ሦስት ወር ሆነ፤ ሁለቴ ሄጄ መጥቻለሁ። ክሩ ግን አልተረሳም። ዛሬም ሰባት ሰዓት ላይ እንነጋገርበታለን።