ምላጩን አስቀምጥ፣ ሚዶውን አንሳ

ሸዋ ሮቢት ላይ ትልቅ ውሻ ይዞ መውጣት ድፍረት ነው። የሚያስቸግረው ሙቀቱ አይደለም፤ ተረቡ ነው። ጀርመን ሼፐርድ የሚባለውን ፀጉራም ውሻ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ የሽንኩርት መጋዘን ሊያስጠብቅ ያሰበ ሰው፣ ውሻው ገና ሌባ ላይ ሳይጮህ ሰፈሩ እሱ ላይ ይጮህበታል።

«ወንድሜ፣ ይኼ ውሻ ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስ ተሸልሞ ነው የወረደው?» ይላል የባጃጁ ሾፌር።

«እሱስ ተሸለመ፤ አንተ እዚሁ ተወልደህ ሙሉ ቁልፍ ያለው ሸሚዝ አልደረሰህም።»

አንድ ለዜሮ። ሾፌሩ ግን ጨርሶ አልተሳሳተም። ከአዲስ አበባ ሮቢት 225 ኪሎ ሜትር ናት፤ ቁልቁለቱ ግን ከዚያ ይረዝማል። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሆኖ ጥርሱ ሲንገጫገጭ የነበረ መንገደኛ ደብረ ሲና ላይ ጃኬቱን ያወልቃል፤ ትንሽ ዝቅ ሲል ሹራቡን፤ 1,280 ሜትር አካባቢ ላይ ያለችው ሮቢት ሲደርስ ቆዳውንም ማውለቅ ያምረዋል። ውሻው ምን ያውልቅ? ባለቤቱ አዘነለትና የፀጉር ማሽን ይዞ መጣ።

ተላጭቶ የወጣ አንድ ውሻ ገበያ መሃል ሲያልፍ አንዲት እናት «በጉን ስንት አላችሁት?» ብለው ጠየቁ። ባለቤቱ «ውሻ ነው እማማ» ሲላቸው ደግመው አዩትና «ታዲያ ምን አድርጎህ ነው?» አሉት።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ከይፋት ሰው ማንንም ጠይቁ፦ ቆርቆሮ ቤትና ሣር ቤት፣ የቱ ነው በቀትር የሚያስቀምጥ? ሣሩ ወፍራም ስለሆነ ይሞቃል የሚል ሞኝ የለም፤ ሙቀቱን ከላይ የሚመልሰው ውፍረቱ ነው። የሼፐርድ ፀጉርም ድርብ ነው፤ ከላይ ረጅምና ሻካራ፣ ከሥር ለስላሳና ችምችም ያለ። ላጭተህ ያወጣኸው ውሻ ሣሩን ገፈህ ቆርቆሮ ያለበስከው ነው። ቆዳው በቆላ ፀሐይ ይለበለባል፤ ፀጉሩም ሲመለስ አንዳንዴ ቦታ ቦታ እየዘለለ ነው።

ችግሩ ያለው ከሥረኛው ፀጉር ላይ ነው። በወቅቱ ይረግፋል፤ ረግፎ ካልወጣ ግን እዚያው ይቋጠራል፦ ንፋስ አይገባ፣ እርጥበት አይወጣ፣ ቆዳው ከሥር ይቀላል፣ ይሸታል፣ ያሳክካል። መድኃኒቱ ጥርሱ ሰፋ ያለ የብረት ሚዶ ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በሚረግፍበት ሰሞን በየቀኑ። ስታበጥረው ደግሞ መዥገሩን፣ ቁስሉን፣ እብጠቱን እጅህ ያገኘዋል። የተላጨ ውሻ ያለው ሰው የሚያገኘው የገበያ ሳቅ ብቻ ነው።

«ምላሱን አውጥቶ ሲያለከልክ አታይም? ታሟል እኮ!»

«አልታመመም። አንተ በብብትህ የምትሠራውን እሱ በምላሱ እየሠራ ነው። ልዩነቱ የሱ አይሸትም።»

ውሻ ከመዳፉ ሥር ካለችው ጥቂት በቀር ላብ የለውም፤ የሚበርደው እያለከለከ ነው። ጤነኛ ሲሆን የሰውነቱ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ 41 ካለፈ ጥላ ሥር አስገብቶ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ እያፈሰሱበት ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው። በስድስት ሰዓት ፀሐይ በደሴው አስፋልት ላይ ውሻውን የሚያንሸራሽረውን ጌታ ግን ምን ልበለው? ጫማህን አውልቅና አብረኸው ሂድ።

የእጥበቱን ነገር አንሱት ካላችሁ፣ አንዱ «በኦሞ አጠብኩት፤ አላበራም?» ብሎኛል። አብርቷል፤ የሚያበራው ቆዳው እየተላጠ ነው። የልብስ ሳሙና ወዙን ጠራርጎ ይወስደዋል፤ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ሲሰነጣጠቅ ያካል፤ ሲያክ ይቆስላል። የራስህ ሻምፑም አይሆነውም። የሰው ቆዳ ፒኤች 5.5 ገደማ ሲሆን የውሻው ወደ 7 የተጠጋ ነው፤ ውድ ሻምፑ ስለሆነ ቆዳው ፈረንጅ አይሆንም። ለውሻ የተሠራ ከተገኘ በወር ወይ በሁለት ወር አንዴ ይበቃዋል፤ ካልተገኘ ንጹሕ ውሃና ሚዶ። (የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳያስከትብ ስለ ሻምፑ መዓዛ የሚከራከረኝን ሰው አልመልስለትም። እሱን ውሻው ይመልስለታል።)

ከዚህ በኋላ ነው ሐኪም ያልሆነ ሁሉ ሐኪም የሚሆነው። ውሻው ማከክ ጀመረ ከተባለ ጋራዡም፣ እርሻውም፣ ጫት ቤቱም ያክማል።

«ናፍጣ ቀባው! የተቃጠለ ዘይት ካለህማ ባንዴ ነው የሚለቀው።»

«ውሻ ነው የያዝኩት ወይስ አይሱዙ?»

ውሻ የተቀባውን ይልሳል። ቆዳው ላይ ያፈሰስከው ማታ ሆዱ ውስጥ ነው። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው ግማሹን ሕክምና ያውቃል፦ የውሻ ቆዳና የውሻ ሆድ በምላስ የተገናኙ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱ ቤት የገባ ሌላው ቤት ሳይደርስ አያድርም። እከክ ከሆነ የእንስሳት ሐኪሙ ቆዳውን ፋቅ አድርጎ ያያል፤ ከእከኩም ዓይነት ወደ ሰው የሚጋባ አለ። የከብቱን አይቨርሜክቲን በግምት መውጋት ደግሞ ኮሊን በመሳሰሉ ዝርያዎች ላይ አንጎል የሚመርዝ ቁማር ነው።

«የውሻ ቁስል እኮ በራሱ ይድናል ይባላል።»

«እኔም ሰምቻለሁ። ውሻው ግን አልሰማም መሰለኝ፤ ሲልሰው ሳምንቱ ነው፣ ቁስሉም እየሰፋ።»

በቆላው ያለው ዋና ጠላት መዥገር ነው። ጆሮው ውስጥ፣ ጣቶቹ መሃል፣ ብብቱ ሥር ይፈለግ። ውሻ ላይ የሚወጣው ቡናማው መዥገር ጠግቦ ሲወርድ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ እንቁላሉን ይጥላል። ውሻውን ብቻ አክሞ ማደሪያውን የተወ፣ እንግዳውን ሸኝቶ በሩን ክፍት ትቷል። «ታዲያ ለሽንኩርቱ ትሪፕስ የገዛነውን ፀረ ተባይ ለምን አንረጨውም?» ያለም አለ።

«ውሻው ሽንኩርት ነው?»

«ያው ተባይ ተባይ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ላንተም ትንሽ ይረጭ፤ ከጠዋት ጀምሮ አለቀቅከኝም።»

ሽንኩርት ካነሳን አይቀር፣ የሮቢት ሰው የማይወደውን ወሬ ልናገር። አገሩን የሚያስጠራው ይህ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈርሳል። ከክብደቱ ግማሽ በመቶ ያህል በአንዴ ከበላ ይመረዛል፤ 40 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 200 ግራም ማለት ነው፣ ሁለት መካከለኛ ራስ። መቁላላት አያድነውም፤ ነጭ ሽንኩርቱም ያው ወንድሙ ነው። ከቀናት በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ይደክማል፤ ባለቤቱ ግን «ዓይን በላው» ይላል። ዓይን አይደለም የበላው፤ እሱ ነው ቁሌቱን የበላው። የዶሮ ወጥ ትራፊማ ሁለት ጊዜ ወንጀለኛ ነው፤ በሽንኩርቱም፣ እንደ ስንጥር በሚሰበረው የተቀቀለ አጥንቱም።

«ሽንኩርት የሌለበት ወጥ አንተ ቤት አለ?»

«የለም። ለዚህ ነው ወጡን እኔ የምበላው።»

«እሱስ ምን ይብላ? ሥጋ በል እኮ ነው፤ እንጀራ ያከሳዋል።»

ይህኛው ተረበኛ ከተኩላ ዘመን አልወጣም። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ኔቸር ላይ እንዳወጡት፣ ስታርች ለመፍጨት የሚያግዘው ዘረ መል ተኩላ ላይ ሁለት ቅጂ ሲኖረው ውሻ ላይ ከ4 እስከ 30 ተቆጥሯል። ውሻ ከገበሬ ጋር ከከረመ ወዲህ ሆዱም ገበሬ ሆኗል። «ውሻ ምናገባት ከእርሻ» ያሉት አባቶች ይቅር ይበሉኝና፣ በሆዷ ገብታበታለች። የማሽላ ገንፎ ከተቀቀለ ሥጋ ጋር፣ ጨውና በርበሬ ሳይነካው፣ ይስማማዋል። የማይስማማው ድንገተኛነት ነው። ሁዳዴን ሙሉ ጌታው ጾሞ ሳህኑም አብሮ ይጾማል፤ የፋሲካ ዕለት ጮማ ይዘንብበታል። በማግሥቱ ውሻው ሲያስመልስና ሲያስቀምጠው «በዓሉ ከበደው» ይሉታል። አዲስ ምግብ ከአሮጌው ጋር እየተቀላቀለ በሳምንት በአሥር ቀን ነው የሚለመደው።

ትልቅና ደረተ ጥልቅ ውሻ ሌላም ጣጣ አለበት። በቀን አንዴ ጠርቀም አድርጎ፣ እየተስገበገበ በልቶ ወዲያው ከሮጠ ጨጓራው በጋዝ ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ይችላል። ሆዱ ይወጠራል፤ ለማስመለስ ይታገላል፣ ምንም አይወጣም፤ መቀመጫ ያጣል። ያኔ ጉዳዩ የሰዓታት ነው፣ የሚያተርፈውም ቀዶ ሕክምና። መከላከያው ምግቡን ለሁለት ለሦስት መክፈል ነው።

«እኛ በቀን ሁለቴ መብላት አቅቶን ለውሻ ሁለቴ?»

«ሁለቴ አልኩህ እንጂ ሁለት እጥፍ አላልኩህም። ያቺኑ አንዷን ለሁለት ክፈላት። ሒሳብ ላይ የት ነበር የምትቀመጠው?»

እስካሁን ሁሉንም መልሻቸዋለሁ። የከበዱኝ አንድ የቀወት ሽማግሌ ናቸው፤ ቁርቁራ ሥር ተቀምጠው ሲሰሙ ቆይተው «እኛ ውሻ ለከብት እንጂ ለቤት አናውቅም፤ ዕቃ ከላሰም ሰባት ጊዜ እናጥባለን፣ አንዱን በአፈር» አሉ። አንዱ ወጣት ሳቀ። ወጣቱን ዞር ብዬ «አንተ አንዱንም አታጥብም፤ ውሻህ ልጅህን አፉን ሲልሰው ቪዲዮ ነው የምትቀርጸው» አልኩት። ሽማግሌው ሃይማኖታቸውን ነው ያሉት፤ የእንስሳት ሐኪሙም በሌላ መንገድ ከዚያው ሠፈር ይደርሳል።

በአረፋም በፋሲካም በግ ይታረዳል። ጉበቱ ወይ ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝ «ለውሻ ጣለው» ይባላል። ያ ከረጢት የትል ዘር ነው። ውሻው ሆድ ውስጥ ገብቶ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነ ትል ይሆናል፤ ውሻውን ምንም አያደርገው፣ እንደወትሮው ይቦርቃል። እንቁላሉ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ ሲልስ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል፤ ልጅ አቅፎት ሳይታጠብ ቁራሽ ያነሳል። ከዓመታት በኋላ ያ ከረጢት የሰው ጉበት ላይ ይገኛል። እንግዲህ ያ የምታበጥረው ፀጉር ንጹሕ የሚሆነው በሻምፑ አይደለም፤ ሆዱ ሲጸዳ ነው። ጥሬ ሆድ ዕቃ የሚያገኝ ውሻ በየስድስት ሳምንቱ ገደማ ፕራዚኳንቴል ይሰጠው፣ ሆድ ዕቃውም ግማሽ ሰዓት ይንተክተክ፤ ካበጠርክም በኋላ እጅህን በሳሙና።

«በጌ ባለበት ይሽከረከር ነበር፤ አዙሪት ያዘው፤ የሰው ዓይን ነው» አለ ሌላው ከኋላ።

«ዓይን አይደለም። ዓምና ያረድከውን በግ ጭንቅላት ለማን ሰጠኸው?»

«ለውሻው።»

«ውሻውም የሌላ ትል እንቁላል ለግጦሹ ሰጠው፣ ግጦሹ ለዘንድሮው በግ አንጎል። ዓይን ይሉሃል ይኼ ነው? ይኼማ ዕቁብ ነው፤ ዙሩ ደርሶህ ነው።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አስተካከሉ። «ቆይ አንተ ልጅ፤ ለውሻ ጉበት ማገዶ? እኛ ለሽሯችን ማገዶ አጥተን?»

«ማገዶ ከሌለ ጉድጓድ ይቆፈር፣ አባባ፤ ውሻ የማያወጣው ጥልቅ፣ ከላዩ ድንጋይ። ጉድጓድ እንደሆነ መቆፈሩ አይቀርም፤ ለጉበቱ ይሁን ለባለጉበቱ፣ መምረጥ ነው።»

«እንግዲያው አካፋውን አንተ ያዝ» አሉኝ፤ «አፍህ እንደሆነ ከጠዋት ጀምሮ ሲቆፍር ነው የዋለ።»