ወረፋ የሌለው አይጎበኝም

ሮምን ለመጎብኘት ከዓመቱ ቀናት ሁሉ የተመረጠው ነሐሴ 9 ነው፤ በፈረንጆቹ ኦገስት 15። ያን ዕለት ሮማውያን ከተማቸው ውስጥ የሉም። ፌራጎስቶ የሚሉት በዓላቸው ነውና ገሚሱ ወደ ባሕር፣ ገሚሱ ወደ ተራራ ወጥቷል። በዓሉ የተሰየመው በአውግስጦስ ቄሳር ነው፤ በገና ወንጌል ሕዝብ እንዲቆጠር ሲያዝ በምናውቀው። ቄሳሩ ለደከመው ሠራተኛ ዕረፍት ሰጠ፣ በኋላ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ዕርገት አኖረችበት፣ ዛሬ ደግሞ የበዓሉ ዋና ሥርዓት የሱቅ መዝጊያ ማውረድ ሆኗል። ዳቦ ቤቱም፣ ጸጉር ቤቱም፣ ጫማ ሰፊውም በሩ ላይ በእጅ የተጻፈች ወረቀት ለጥፏል፦ እስከ ወሩ መጨረሻ የለንም።

ለብቻው የሚጓዝ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይሻል? ባለቤቱ የሌለበት ቤት እንደ ልብ ይጎበኛል። ድሮ አንድ ከተማ ለማየት ዘመድ ያስፈልግ ነበር። ዘመዱ ጣቢያ ድረስ መጥቶ ይቀበላል፣ ‹‹በሞቴ ብላ›› ይላል፣ ጎረቤት ያስተዋውቃል፣ የእገሌ ልጅ የት ደረሰ እያለ ይጠይቃል፤ በዚህ መሀል ሦስት ቀን ያልቃል፣ አንድም ሐውልት አልታየ። ይህ ሁሉ ኋላ ቀርነት ዛሬ ቀርቷል።

ጎብኚያችን ሙኒክ የሚሠራ የአገራችን ልጅ ነው። እዚያም ቀኑ በዓል ስለሆነ ርካሽ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ በሌሊት ተነሣ። ለብቻው የመጣው ሰው አጥቶ እንዳይመስላችሁ፤ ራሱን ሊያገኝ ነው። ራሱንም ገና አውሮፕላን ማረፊያው ላይ በስልኩ የፊት ካሜራ አገኘው፣ እስኪመሽም አልተለየውም።

ስልኩ ውስጥ የሚታዩ ቦታዎች ዝርዝር አለው። ዋናው መሪው ግን ወረፋ ነው። ሰው የተሰለፈበት ይታያል፤ ያልተሰለፈበት ይታለፋል። እዚህ ላይ ሳላደንቀው ብቀር ነውር ነው። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ እኮ ነው! ለታክሲ፣ ለዘይት፣ ለስኳር፣ ለመታወቂያ እየተሰለፈ ጉርምስናውን የጨረሰ። ያን ሁሉ ሸሽቶ አውሮፓ ገባና በዓመት በዓሉ በዩሮ ከፍሎ ይሰለፋል። ልዩነት አለው እርግጥ፤ አዲስ አበባ ተራህ ሲደርስ ዘይት ይዘህ ትወጣለህ።

ባቡሩ ተርሚኒ በተባለው ጣቢያ አራገፈው። ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የጨረሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያ ሐውልታቸው ጥቂት ራመድ ብሎ ዛፎች መሀል ቆሟል። በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ ተጭኖ የሄደው የይሁዳ አንበሳ የተቀመጠው እሱ ሥር ነበር፤ ዘርአይ ደረስ እ.ኤ.አ. በ1938 ሰይፉን የመዘዘውም እዚያው ነው። ዛሬ ግን አንድም ሰው አልተሰለፈም። ጎብኚያችን አደባባዩን በፍጥነት አቋረጠ፤ የስልኩ ባትሪ ወደ ስልሳ በመቶ ወርዶበታልና ልቡ ተሰቅሏል።

ትሬቪ ፏፏቴ ሲደርስ ነፍሱ መለስ አለች። እዚያ ወረፋ አለ፤ ያውም ሥርዓት የወጣለት። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ከ400 ሰው በላይ በአንድ ጊዜ ወደ ገንዳው እንዳይጠጋ ተወስኗል። እ.ኤ.አ. በ1762 የተጠናቀቀው ይህ ግሩም ሥራ ፊት ለፊት ነው፤ ፈረሶቹ ከድንጋይ ውስጥ ዘለው ሊወጡ የደረሱ ይመስላሉ። የሚያያቸው ግን የለም፤ ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ለፏፏቴው ጀርባህን ስጥ፣ ሳንቲሙን በቀኝ እጅህ ያዝ፣ በግራ ትከሻህ ላይ ወደ ኋላ ወርውር፤ እንግዲህ ሮም ተመልሰህ ትመጣለህ። ሳንቲሙን ካሪታስ የተባለው የካቶሊክ ምግባረ ሠናይ ለችግረኞች ይሰበስበዋል፤ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጸው ገንዳው ለጽዳት ደርቆ ሳለ ማዘጋጃ ቤቱ ከፊቱ የሕፃናት መታጠቢያ የምታህል ገንዳ አስቀመጠ። ሕዝቡ ምን አደረገ? ለእሷም ጀርባውን ሰጥቶ ወረወረ! ጎብኚያችን በበኩሉ ሦስት ጊዜ ወርውሯል። ሦስት ጊዜ ሊመለስ አስቦ እንዳይመስላችሁ፤ ሁለቱ ቪዲዮ አላማሩም።

ከዚያ ውኃ ጠማው። በሮም መንገዶች ዳር ቀን ከሌት የሚፈስ፣ ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ፣ ነፃ የመጠጥ ውኃ አለ። ከ1874 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተተከሉት እነዚህ የብረት ቧንቧዎች ዛሬ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ያህል ናቸው። አንዱ ክንዱ ሥር እየፈሰሰ ነበር። እሱ ቦርሳውን ቧንቧው ላይ አስደግፎ ከአዟሪ በላስቲክ የታሸገ ውኃ ገዛ። ቧንቧው ጋ ወረፋ የለማ!

ፓንቴዮን ትኬት ቆርጦ ገባ። ሁሉም አንገቱን ሰብሮ ጣሪያው ላይ ያለውን ዘጠኝ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ያያል፤ እሱም ሰበረ። ቀዳዳው በስልክ እንዲሞላ ወደ ኋላ፣ አሁንም ወደ ኋላ ሲል ጀርባው አንድ የመቃብር አጥር ነካ። መቃብሩ የቀዳማዊ ኡምቤርቶ ነው። የውጫሌ ውል በስሙ የተፈረመለት፣ የአድዋ መርዶ ቤተ መንግሥቱ የገባበት ንጉሥ። ጎብኚያችን አጥሩን ተደግፎ ጥሩ ፎቶ አነሣ። ለነገሩ ንጉሡም የእኛን አገር ሳያይ ነው የፈለጋት፤ ስለዚህ ተካክሰዋል።

የቫቲካን ሙዚየም ያን ዕለት ዝግ ስለሆነ ከዝርዝሩ ላይ ‹‹ታይቷል›› ብሎ ሰረዘው። የስፔን ደረጃዎች ላይ አረፍ ሊል ከጀለና ፖሊስ ፊሽካ ነፋበት፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ እዚያ መቀመጥ ያስቀጣል። ኮሎሲየም ሁለት ሰዓት ቆየ ቢባል አንድ ሰዓት ተኩሉ በር ላይ ነው።

ከኮሎሲየም ወጥቶ ወደ ቀጣዩ ወረፋ ሲገሰግስ ፖርታ ካፔና በተባለ አደባባይ አለፈ። ግራና ቀኝ መኪና ነው፤ ወረፋ የለም። የአክሱም ሐውልት፣ ያ 24 ሜትሩ፣ ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመው እዚያ ነበር። ፊት ለፊቱ ያለው፣ ዛሬ የተመድ የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) የሚሠራበት ትልቅ ሕንፃ፣ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ታስቦ የተጀመረ ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1947 በፈረመችው የሰላም ውል የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ቃል ገባች። ሐውልቱ አገሩ የገባው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ወረፋ ማለት ይህ ነው እንግዲህ፤ 58 ዓመት ጠብቆ፣ አንዴም ፎቶ አንሱኝ ሳይል! ጎብኚያችን ሐውልቱ ቆሞበት በነበረው ቦታ አጠገብ የእግረኛ መብራት እስኪበራ ጠበቀ፣ ካርታውን አጎላ፣ ተሻገረ።

የቸኮለው ወደ እውነት አፍ ነው። ይህ በአንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የቆመ፣ አፉን የከፈተ የእብነ በረድ ፊት ነው። ብዙዎች እንደሚገምቱት በጥንት ዘመን የውኃ መውረጃ ክዳን ነበር። ኦድሪ ሄፕበርን እያየች ግሪጎሪ ፔክ እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣ ፊልም እጁን ስለከተተበት ዓለም በሙሉ ይሰለፍለታል። ውሸታም እጁን ቢያስገባ ድንጋዩ ይነክሰዋል ይባላል። የኛ ሰው በዚያ ፀሐይ ተራውን ጠብቆ፣ ከኋላው ላለችው ኮሪያዊት ስልኩን ሰጥቶ፣ እጁን እስከ አንጓው ከተተ። ሲያወጣው በዚያው እጅ ከፎቶው ሥር ጻፈ፦ ‹‹ሮም ውስጥ ያለ ሰውና ያለ ግርግር፣ በሙሉ ጸጥታ።›› ጣቶቹ ደህና ናቸው። ድንጋዩ አርጅቷል።

ማታ የአውሮፕላኑ ሰዓት ሳይደርስ ተርሚኒ አካባቢ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ገባ። ፍልሰታ ነውና የጾም በያይነት አዘዘ። ከጠዋት ጀምሮ ‹‹ፎቶ ታነሺኝ?›› ከማለት ሌላ ሰው ሲያናግር የመጀመሪያው ነበር። አስተናጋጇ እንጀራ ጨምራለት ከየት መጣህ ወንድሜ፣ ዘመድ የለህም ወይ፣ በዓመት በዓል ብቻህን ምነው ብላ ጠየቀችው። እሱም ሮም ከገባች ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠየቃት። ከመጣች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ባለችበት ሰፈር የማታውቀው ቤት፣ የማያውቃት ሰው የለም፤ አሮጊቶቹ ዛሬ የቤታቸውን ቁልፍ እሷ ጋ ጥለው ነው ባሕር የወረዱት፣ አበባ እንድታጠጣላቸው።

‹‹ኮሎሲየምስ?››

‹‹በአውቶቡስ ሳልፍ አየዋለሁ። ውስጡን እንኳ ገብቼ አላውቅም።››

አንጀቱ ተላወሰ። ሮም ውስጥ ሃያ ዓመት ኖራ ሮምን አላየችም! ጉርሻ አትረፍርፎ ሰጣት፤ ትኬቱን ከየት እንደምትቆርጥ አሳያት፤ ሲወጣም በሩ ላይ ዘወር ብሎ እንዲህ ሲል መከራት፦ ‹‹እህቴ፣ በጠዋት ሂጂ፤ ወረፋው ረጅም ነው።››