ለአርዲቦም ይድረሳት

እኛ የወሎዋ አርዲቦ ሐይቅ ዳርቻ ሰዎች አቤቱታ አለን። ውኃችን በአንከርካ ወንዝ ወርዶ ሐይቅ የሚባለው ጎረቤታችን ውስጥ ይገባል፤ ስሙንም እንግዳውንም የሚቀበለው ያው ሐይቅ ነው። ቱሪስቱ እስጢፋኖስ ገዳምን ያያል፣ ፎቶውን ያነሣል፣ ወደ ላሊበላ ያቀናል። አርዲቦ ላይ ምን ሊያይ ይውጣ? ያሉት ውኃ፣ ማሳ፣ ቆሮሶ የሚያጠምድ ጎረምሳና ከሰል ላይ ጀበና የጣዱ እናቶች ናቸው። ይህ በየትኛውም መመዘኛ የከተማ ገጽታ አይባልም።

ገጽታ ምን እንደሆነ የአዲስ አበባዋ ፒያሳ አሳይታናለች። የዓድዋ ድል መታሰቢያ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመረቀ። ሕንፃው ያምራል፤ ይህን የሚክድ ምቀኛ ብቻ ነው። ያላማሩት ጎረቤቶቹ ነበሩ። የክብር እንግዳ ፊት የዛገ ቆርቆሮ ተደርድሮ ሲታይ ማን አያፍርም? ስለዚህ ሪቫኑ ተቆርጦ ብዙም ሳይቆይ የኮሪደር ልማቱ ዶዘር ወደ ዶሮ ማነቂያና ወደ እሪ በከንቱ ሰፈሮች ወረደ። ነዋሪው የልማት ተነሺ ተባለ፤ ከተራ ነዋሪነት ወደ ማዕረግ መሸጋገሩ ነው። በእርግጥ ቤቶቹ ያፈሱ ነበር፤ ግድግዳቸው ጭቃ፣ ሽንት ቤታቸው የጋራ። ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ናቸውና ቆርቆሮውን መቀየር የነበረበት አከራዩ ራሱ መንግሥት ነበር። ዘግይቶም ቢሆን ፍቱን መድኃኒት አገኘ፤ ጣሪያው እንዳያፈስ ቤቱ ፈረሰ።

ቅር ያላቸው ሰዎች የዕድር ነገር ያነሣሉ። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ የአባላት መዝገቡ ነበረ። አባላቱ አንዱ በከተማዋ ምሥራቅ ጫፍ፣ ሌላው በደቡብ ጫፍ ሲበተኑ ድንኳኑ በየትኛው ታክሲ ይጫን? ለቀስተኛውስ ስንት ታክሲ ቀይሮ ይድረስ? ይህ እንግዲህ የአመለካከት ችግር ነው። ዘመናዊ ሰው ለብቻው መሞትን መልመድ አለበት።

ፈረንጅ እንኳ እዚህ አልደረሰም። የስፔኗ ቢልባኦ በ1997 እ.ኤ.አ. የጉገንሃይም ሙዚየምን ስትከፍት ዓለም ጉድ አለ፤ አንድ ሕንፃ ከተማ ቀየረ ተባለ። ቦታው ግን ሥራ የፈታ የወደብና የፋብሪካ ዳርቻ ነበር። እነሱ ሰው የሌለበት ቦታ ሙዚየም አቁመው ሰው ይጠራሉ፤ እኛ ሰው የሞላበት ቦታ ሙዚየም አቁመን ሰውን እንሸኛለን። ደግሞ ማንን? ከአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ብዙዎቹ የምኒልክ መኳንንት ከነጭፍራቸው የሰፈሩባቸው ናቸው። ዓድዋ ዘምቶ የተመለሰው ጭፍራ ጎጆ የቀለሰው በዚያችው ከተማ ነው። አሁን ዘማቹ በክብር ሙዚየም ገብቷል። የልጅ ልጁ ቅድመ አያቱን ማየት ካማረው ከዳር አገር ተሳፍሮ ይምጣና ትኬት ይቁረጥ።

ዓድዋ ከተነሣ ደግሞ እኛም ባለጉዳይ ነን። የጠቡ መነሻ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው እዚሁ አምባሰል፣ ውጫሌ ነው። 17ኛው አንቀጽ ያን ሁሉ ጦር ሲያስነሣ የወሎ ፈረሰኛም ከራስ ሚካኤል ጋር ዘምቷል። ደሙን ከተካፈልን ዶዘሩን የማንካፈልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ስለዚህ አርዲቦ ዳር የአምባሰል ቅኝት ማዕከል ይቁምልን። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በእኛ ስም ይጠራ የለ! መስታወት በመስታወት ይሁን፤ ሌሊት ቀለም የሚቀያይር ፋውንቴን ይኑረው። ሐይቅ ዳር ፋውንቴን ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም፤ የሐይቁ ውኃ ግን ወደ ላይ አይዘልም። ከዚያ ጀበና የጣዱት እናቶች ይነሡ፤ ጭሱ መስታወቱን ያጠቁራል። በምትካቸው አዳራሹ ውስጥ አንዲት የሰም እናት ጀበናዋን ይዛ በሣጥን ትቀመጥና ከሥሯ «የወሎ የቡና ሥርዓት» ተብሎ ይጻፍ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በስክሪን ይታይ። ማሲንቆ መቺውንም ጥበቃው በር ላይ ያስቁመው፤ የድጋፍ ደብዳቤ ካላመጣ አምባሰልን ውጭ ሆኖ ከድምፅ ማጉያው ይስማ። ቀለሙም ይታሰብበት። የመዲናዋ ሕንፃዎች በግራጫ ሲለበጡ አይተናል፤ አርዲቦ ግን ጠዋት ሌላ፣ ቀትር ሌላ ቀለም እየሆነ ደንብ ያፈርሳል።

የቀረን አንድ ጥያቄ ነው። ቆሮሶ አጥማጁ ልጅ ምትክና ካሳ ሲጠይቅ «ካርታህን አምጣ» መባሉ አይቀርም። ውኃ ላይ ለሚሠራ ሰው ካርታ የሚሰጠው የትኛው ቢሮ እንደሆነ ከወዲሁ ይነገረን፤ ወረፋ ከዛሬ እንያዝ።